የስብ ኪኒን የዋጠው ሽማግሌ

ከበሽታ ሁሉ የሚብሰው የማያመው በሽታ ነው! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የሚያም በሽታማ ደግ ነው። ጥርሳችሁን ቢያማችሁ አስነቅላችሁ ትገላገላላችሁ። ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ ጎረቤት ይሰማል፣ ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካን ይመጣል፣ «አይዞህ» የሚላችሁ አታጡም። የማያመው በሽታ ሲይዛችሁ ግን ማን ያዝንላችኋል? እናንተ ደህና ናችሁ፣ የታመመው ወረቀቱ ነው! ለታመመ ወረቀት ደግሞ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የራሴን ላጫውታችሁ። እኔ እንድሪስ፣ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሥራዬ መቀመጥ ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እለካለሁ፣ ተቀምጬ እቀድዳለሁ፣ ተቀምጬ እከራከራለሁ። ምግቤም ለሥራዬ የሚስማማ ነበር፤ የአቀስታ በግ ላት! ላት የማታውቁ የቆላ ሰዎች ካላችሁ፣ በጉ ከኋላው አንጠልጥሎት የሚዞረው ስብ ነው። በጉ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሲሄድ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እና አዝኜለት ሸክሙን አቀልለት ነበር… በየሳምንቱ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ፋጡማ «ዕድሜህ ሄዷል፣ ተመርመር» ብላ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ የመጨረሻዋ ልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ወረቀቱን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ጋሼ፣ ኮሌስትሮልዎ በጣም ከፍ ብሏል።»

«ምንድነው እሱ ደግሞ?»

«ደም ውስጥ ያለ ስብ ነው።»

«ታዲያ ስብ ቢኖረኝ ምን አለበት? ጥጋብ ነው እንጂ!»

«ጋሼ፣ የልብዎን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል።»

ፋጡማ «ኧረ ያረቢ!» ብላ ደረቷን ያዘች። እኔም በዚያው ቅጽበት ባል መሆኔ ቀርቶ ዕቃ ሆንኩ፤ ሁለቱ ሴቶች ከራሴ በላይ ስለኔ ይነጋገሩ ጀመር። ላት ቀረ። ቅቤ ቀረ። ማታ ማታ የምትዋጥ አንዲት ሚጢጢ ነጭ ኪኒን ታዘዘች። በመጨረሻ ሐኪሟ ወደኔ ዞር አለችና እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ይቺ መድኃኒት አብዛኛውን ሰው ምንም አታደርገውም። አንዳንዱን ግን ድካም ድካም ሊለው፣ ጡንቻውን ሊያመው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማዎት መጥተው ይንገሩኝ። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡ። እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ሐኪም ፊት እሺ እንደማለት የሚቀል ነገር የለም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ ጭኔን የሆነ ነገር ጨመደደኝ። ቀጥሎ ከአልጋዬ ስነሳ አንድ ኩንታል እህል ተሸክሜ ያደርኩ ይመስለኝ ጀመር። ከዚያ ድካሙ መጣ። እንዴት ያለ ድካም መሰላችሁ! ምንም ሳልሠራ የሚደክመኝ፣ ደክሞኝ ሳርፍ ማረፉ ራሱ የሚያደክመኝ። ደንበኛ ትመጣና «ያ ከላይ ያለው ጨርቅ ስንት ነው?» ትላለች። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየዋለሁ። መነሳት አለ፣ ወንበር ላይ መውጣት አለ፣ እጅ መዘርጋት አለ…

«እሱ አይሸጥም እህቴ።»

«ካልተሸጠ ለምን ሰቀልከው ታዲያ?»

«ለዓይን ነው!»

ስንት ደንበኛ እንዲህ ተመርቃ ሄደች! ወላሂ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ያለው ጨርቅ ሁሉ በዚያ ሰሞን ቅርስ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ሰው ሲደክመው ምን ያደርጋል? ያወራል! እኔም አወራሁ። ለጎረቤት ባለሱቆች ነገርኩ፤ «ዓይን ነው፣ ሱቅህን ቀለም ስታስቀባ ነው የበሉህ» አሉኝ። ለባጃጅ ሹፌሩ ነገርኩ፤ «ጥቁር አዝሙድ በማር ነው መድኃኒቱ» አለኝ። ለጎረቤቴ ለመምሬ ደምሴ ነገርኩ፤ «ና ጠበል ልውሰድህ፣ ጠበሉ እስላም ክርስቲያን አይልም» አሉኝ። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ «ኪኒን የሚባል ነገር እኮ የፈረንጅ ተንኮል ነው» ብሎ ገመጠኝ፤ ጆሮዬን ማለቴ ነው፣ በመቀሱ። ፋጡማስ? የፋጡማ ምርመራ ከሁሉም አጭር ነበር።

«ስንፍና ነው!»

«ኧረ ፋጡማ፣ ኪኒኑ ነው!»

«ከኪኒኑ በፊትስ መቼ ቆመህ ታውቃለህ? ያው ተቀምጠህ ነበር። አሁን ስም አገኘህለት!»

ታዲያ ይህን ሁሉ እያለችም ማታ ማታ ኪኒኗን በመዳፏ፣ ውሃውን በብርጭቆ ይዛ ከፊቴ ትቆማለች። ስውጥ ታያለች። ከዋጥኩም በኋላ «አፍህን ክፈት» ትላለች። በዚህ ዕድሜዬ!

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ጀማል የሚባል የወንድሜ ልጅ አለኝ። ወንድሜ ሲሞት ጀማል ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር። እኔ ትከሻ ላይ ነው ያደገው። ጨርቅ ስለካ ሜትሩን ይዞብኝ የሚሮጥ፣ ከጥቅሉ ስር ተደብቆ የሚተኛ ልጅ ነበር። ዛሬ አቀስታ ሒሳብ ያስተምራል። የሚጠራኝ አባባ ብሎ ነው። እኔም ከወለድኳቸው ለይቼ አላየውም፤ እንደውም እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ አስበልጠዋለሁ። ይህ ልጅ አንድ ቀን ሱቄ መጣና ጥቅሉ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር።

«ምን ሆነሃል?»

«አባባ… ሐያት።»

ሐያት አብራው የምታስተምር ልጅ ናት። ይዋደዳሉ። ችግሩ አባትየው ነው። የአቀስታው ይመር! የገብስና የበግ ነጋዴው ይመር! ስሙን ስሰማ ጭኔ በራሱ ጊዜ ታመመ። ካቻምና ጀምሮ ሐያትን ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ሁሉ የተመለሰው በውርደት ነው። ሌላው አባት ነገሩን ሰምቶ፣ ዘሩን ጠይቆ፣ አስቦ ነው ቀጠሮ የሚሰጠው። ይመር ግን ሰላምታ እንኳን አያስጨርስም። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ሲነግሩኝ፣ «ገና አሰላሙ አለይኩም ብለን አፋችንን ሳንገጥም 'ወአለይኩም ሰላም፣ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ' አለን» ብለውኛል። አገሩ ሁሉ ትዕቢተኛ ይለዋል።

«ሌላ ቀን ይደርሳል ልጄ፣ ቀስ ብለን…»

«አይደርስም አባባ። በሚቀጥለው ሳምንት የደሴ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ እሺ ካለ አለቀ። እሷም 'ከአባቴ ቃል አልወጣም' ብላኛለች።» ይህን ሲል ዓይኑ ሞላ። ሒሳብ አስተማሪ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። «እኔ ራሴ እሄዳለሁ!» አልኩ። ያን ጊዜ ተቀምጬ ስለነበር ጉልበት የሞላኝ መስሎኝ ነበር።

በእኛ አገር ሽምግልና እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲሄድ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፣ ሽማግሌ «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላል። ባለቤቱም ሽማግሌ ቆሞ ሳለ አይቀመጥም፣ ነውር ነው። እንግዲህ ሁሉም እንደቆመ ይነጋገራል። ባለቤቱ «እሺ» ሲል ወይም ቀጠሮ ሲሰጥ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ቃል ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ ጥያቄውን ጣለ ማለት ነው። ለምሳ የመጣ እንግዳ ይሆናል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ችግሬ ገባችሁ? ሥራው ቁጭ ማለት የሆነ፣ ጭኑን ኪኒን የያዘበት ሰው ለመቆም ሊሄድ ነው!

በጉልበት ባልችል በብልሃት ልቻል ብዬ ሁለት ሰው መረጥኩ። አንደኛው ሸህ ሙሄ ናቸው። ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ይመርን በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀሩት፣ ማለትም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ማን ነው የቀራበትን ሸህ ሰላምታ ሳያስጨርስ «ሂዱና ተመለሱ» የሚል? ሁለተኛው መምሬ ደምሴ ናቸው። ምላሳቸው ማር ነው፤ እንኳን ይመርን፣ የነከሰ ውሻንም ይቅርታ ያስጠይቃሉ። የእስላም ጋብቻ ላይ ቄስ ምን ይሠራል የምትሉ ካላችሁ፣ ወሎን አታውቁም ማለት ነው።

የመሄጃችን ዋዜማ ፋጡማ ኪኒኗን ይዛ መጣች።

«ፋጡማ፣ ለዛሬ ብቻ ብዘለውስ? ነገ መቆም አለብኝ።»

«ሐኪሟ በራስህ አታቋርጥ አላለችህም?»

«ድካም ከተሰማህ ንገረኝም ብላኛለች።»

«ታዲያ ነገርካት?»

ውሃውን ተቀበልኳት።

«ለባጃጅ ሹፌር ነግረሃል። ለጸጉር አስተካካይ ነግረሃል። ለቄስ ነግረሃል። ኪኒኑን ለሰጠችህ ሰው ሳትነግር?»

«ከሽምግልናው በኋላ እነግራታለሁ።»

«አፍህን ክፈት» አለች።

በማግስቱ በሚኒባስ አቀስታ ገባን። የአቀስታን ብርድ አትጠይቁኝ፣ ጆሮ ይቆርጣል። ጀማል መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን አየሁት። በልጅነቱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ፣ አንድ እግሩን ባንድ እግሩ ላይ አነባብሯል። ምንም አላለኝም። እጄን ብቻ ይዞ ጨመቅ አደረገው። በልቤ «ያረቢ፣ ለዛሬ ብቻ አቁመኝ» አልኩ።

ይመር ቤት ገባን። ሰፊ ሳሎን ነው፤ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፏል፣ በአንድ በኩል የገብስ ጆንያ እስከ ጣራው ተደርድሯል። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል። ይመር ጋቢውን ተከናንቦ መሀል ምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ሸህ ሙሄን ሲያይ ደነገጠ። ቀልጠፍ ብሎ መጥቶ እጃቸውን ሳመ፣ ተመልሶም ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

«ምነው ቆማችሁ? አረፍ በሉ እንጂ» አለ፣ እንደ ወጉ።

«አንቀመጥም ጋሼ ይመር» አልኩ አፌን ሞልቼ። «የእኛ መቀመጫ ያለው አንቱ አፍ ውስጥ ነው!»

ከመጋረጃው ጀርባ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥሩ ጀመርኩ አይደል? መምሬ ደምሴ ተቀበሉኝ። ስለ ጀማል ትምህርት፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ አባቱ ደግነት ሲናገሩ እኔ ራሴ ልጄን ልድርለት አማረኝ። ከዚያ ሸህ ሙሄ ቀጠሉ። ወይ ሸህ ሙሄ! ቢስሚላህ ብለው የጀመሩት ከአደም ነው። ከአደም ወደ ኑህ ሄዱ። ኑህ መርከቡን ሠርቶ እስኪጨርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይመር እንዳያቋርጣቸው ነው ያመጣኋቸው፤ እሱም አላቋረጣቸውም! ባወጣሁት ብልሃት የተያዝኩት እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ዘወር ብዬ ባልደረቦቼን አየሁ። ሸህ ሙሄ በከዘራቸው ተደግፈዋል። መምሬ ደምሴ መቋሚያቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው እንደ ቅዳሴ ተመቻችተዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ቆመው ነው እኮ! መደገፊያ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«መምሬ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «መቋሚያዎን ትንሽ ያውሱኝ።»

«ምነው? ከሁላችን ወጣቱ አንተ!»

«ጭኔን…»

«ሽሽሽ! ሸሁ ሙሳ ጋ ደርሰዋል።»

ሙሳ ባሕሩን ሲከፍል ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር፣ በአቀስታ ብርድ! ይመርን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። «ተናደደ፣ አሁን ሊያባርረን ነው» አልኩ። ሸህ ሙሄ ግን ከባሕሩ ተሻግረው ወደ ይመር ልጅነት መጡ። ቁርኣን የሚጻፍበትን እንጨት፣ ሉሁን እንዴት እንደሰበረ፣ እንዴት እንደቀጡት… እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። ጭኔ እኔን ሳያማክር ታጠፈ። ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፣ የያዝኩት አየር ነበር። ዷ!

ገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። አቧራው ቡን አለ።

ሸህ ሙሄ ቃላቸውን በመሀል አቋረጡ። መምሬ ደምሴ አማተቡ። ከመጋረጃው ጀርባ «ተቀመጠ!… ኧረ ተቀመጠ!» የሚል ሹክሹክታ፣ ከዚያ የአንዲት ልጅ ለቅሶ። ሐያት ናት። አወቅኋት፣ ሳላያት አወቅኋት። ጀማል ትዝ አለኝ፤ መንገድ ዳር ቆሞ፣ አንድ እግሩን ባንድ እግሩ አነባብሮ። ልጁ እኔን ብሎ፣ እኔ ደግሞ ገብስ ላይ ቁጭ! ሞት ያኔ ቢመጣ አልጠላውም ነበር።

ለመነሳት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ስለዚህ እዚያው እንደተቀመጥኩ ለመንኩ።

«ጋሼ ይመር፣ በአላህ ይሁንብዎ! በኔ እግር ልጄን አይቅጡብኝ! እኔ ጥያቄዬን አልጣልኩም። የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ጭኔ ነው! ይህ ልጅ አባት የለውም፣ አባቱ እኔ ነኝ። ከፈለጉ ከደጅ እስከ ሳሎን በደረቴ ልሳብ… ብቻ ኪኒኑ ነው ያደከመኝ!»

«የምን ኪኒን?» አለ ይመር። ድምፁ ተቀይሯል።

«የስብ።»

«የምን ስብ?»

«የደም ስብ… ኮሌስትሮል የሚሉት።»

«ያቺ ነጯ? ሚጢጢዋ? ማታ ማታ የምትዋጠዋ?»

«አዎ!»

ይመር ምሰሶውን ለቀቀ። ተንሸራቶ ተንሸራቶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። እግሮቹን ዘረጋና ከሆዱ ተነፈሰ።

«አልሐምዱሊላሂ ረቢል ዓለሚን!» አለ። «አንተ ሰው፣ ከአላህ በታች ያዳንከኝ አንተ ነህ! እኔ ደግሞ እናንተ ሳትቀመጡ መቀመጥ ነውር ሆኖብኝ ልሞት ነበር እኮ!»

«አንቱም?»

«እኔማ ምን ልንገርህ! ቆሜ ሰው ማነጋገር አልችልም። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል። በሰው ፊት ከምወድቅ ብዬ ቶሎ 'ሂዱና ተመለሱ' እላለሁ። ሲወጡ ፍራሹ ላይ እወድቃለሁ። አገሩ ትዕቢተኛ ይለኛል። ትዕቢት የት አለኝ፣ እግር ነው የሌለኝ! ዛሬ ደግሞ ሸኼን እንዴት አድርጌ ላቋርጣቸው?»

ሸህ ሙሄ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና «እኔ በሰማንያ ዓመቴ ቆሜ እናንተ መሬት ላይ?» አሉ። መምሬ ደምሴ መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ጋሼ ይመር፣» አልኩ ነገሩ እንዳይበርድብኝ፣ «እኔም ተቀምጫለሁ፣ አንቱም ተቀምጠዋል። ጥያቄያችን ግን እንደቆመ ነው።»

«እሱንማ ልጅቷ ካለቀሰች በኋላ ምን እላለሁ?» አለና ወደ መጋረጃው ጮኸ። «ሐያት! ሰምቼሻለሁ! በይ ዝም በይ፣ ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ጣራውን ነቀለው። ጀማል እልልታውን መንገድ ዳር ሆኖ ሰምቶ ሲሮጥ ገብቶ እኔ ላይ ወደቀ። እኔም አቀፍኩትና አለቀስኩ። ሒሳብ አስተማሪም አለቀሰ፣ ጨርቅ ነጋዴም አለቀሰ። ገብሱ ራሰ።

ምሳ ቀረበ። ለመምሬ ደምሴ በወጉ ለብቻቸው የተሠራ ሽሮ። ለእኛ ደግሞ… ላት! ሰሃኑ ላይ እያብረቀረቀ፣ እየተንቀጠቀጠ። እኔና ይመር አየነው። እርስ በርስ ተያየን። ሁለታችንም ምራቃችንን ዋጥን።

«አንሱት!» አለ ይመር በሐዘን።

«ለምን ይነሳል?» አሉ ሸህ ሙሄ፣ እጃቸውን እየሰበሰቡ። ብቻቸውን ጨረሱት። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ ያለ ኪኒን፣ ያለ ድካም። ከዚያም ጣታቸውን ልሰው ምርቃቱን ከአደም ጀመሩት፤ ደግነቱ ያኔ ተቀምጠን ነበር።

ሠርጉ ሳይደርስ ይመር መካነ ሰላም መጣ፤ ሁለታችንን ፋጡማ ከፊት እየነዳች ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችን። ሐኪሟ ሁሉንም ሰማች። ጆንያውን ስትሰማ አፏን ያዘች።

«ጋሼ እንድሪስ፣ መጥተው ይንገሩኝ ብዬዎት አልነበር?»

«ለሁሉም ሰው ነግሬ ነበር» አልኳት። «አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

ደሜን መረመረች። ለልቤ መድኃኒቱ እንደሚያስፈልገኝ፣ ግን መጠኑን ቀንሳ እንደምትሞክረው፣ ካልሆነም ሌላ ዓይነት እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ይመር ዞረች።

«አንቱስ፣ ኪኒኑን መቼ ነው የጀመሩት?»

«አምና።»

«ሽማግሌ ቆመው ማነጋገር ያቃተዎትስ መቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እንግዲያውስ ኪኒኗን አይክሰሷት። ስትመጣ ድካሙ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የጠበቃት።» መረመረችው፤ ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ይመር በጣም ቅር አለው። «እንዴት? እሱ በኪኒን ደክሞ እኔ በደም ማነስ?» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ሄደ። እስከ ዛሬም አልዋጥ ብሎታል፤ ኪኒኑን ግን ይውጣል።

እኔ ግን ዳንኩ! መጠኑ ከተቀነሰ ወዲህ ጭኔ ተፈታ። ጠዋት ስነሳ ሰው ሆኜ ነው የምነሳው። ከላይኛው መደርደሪያ ያለው ጨርቅም መሸጥ ጀምሯል። ፋጡማ እንደሆነች «አሁንስ ለስንፍናህ ምን ስም ልታወጣለት ነው?» እያለች ከገበያ ጆንያ ታሸክመኛለች።

ጣጣው ሌላ ነው። ወሬው አገሩን አዳረሰ! «እንድሪስ የተቀመጠበት ሽምግልና ባዶ እጁን አይመለስም» ተባለ። የተጣላ፣ የተፋታ፣ ልጅ ሊድር የፈለገ ሁሉ ሱቄ ይሰለፍ ጀመር። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ለልጇ ሚስት ልታስጠይቅ ወረኢሉ ድረስ ወሰደችኝ። እሷ ደጅ ቀረች፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ገባን። ቆምን። የልጅቷ አባት ዝም ብሎ ያየኛል። ባልደረቦቼ ያዩኛል። ወንበር ሳይቀር ጠጋ አድርገውልኛል። ሁሉም ጉልበቴን ይጠብቃል። እኔም ጠበቅሁ… ምንም! እግሬ ምሰሶ ሆኖ ተተክሏል። ሆን ብዬ ልቀመጥ ብል ደግሞ ጥያቄ መጣል ነው። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ኧረ እንዴት ያለ መቆም!

አባትየው በመጨረሻ «ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ» አለን።

ስንወጣ እናትየዋ ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠች። ወደ ከተማው ስንቃረብ አላስችል አላትና ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ምነው ጋሽ እንድሪስ፣ ኪኒንዎን ሳይውጡ ነው እንዴ የመጡት?»